ወደ መስኮቱ ግድግዳ

በትንሿ ከተማችን በሃርሎ ሰው በሆዱ የያዘውን ለማወቅ መሰለል አያስፈልግም። በየዓመቱ በረዶው ሊቀልጥ ሲል፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የከተማው ሰው ሥራውን ትቶ በትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ ይሰበሰባል። ስለ መንገዱ ጠጠር፣ ስለ እሳት አደጋ መኪናው፣ ስለ ግብሩ እዚያው ይጨቃጨቃል፤ እዚያው ይወስናል። መጀመሪያ በጩኸት ነው። የሚስማማ «እሺ» ይላል፤ የማይስማማ «እምቢ» ይላል። ጩኸቱ እኩል የመሰለ እንደሆነ ሰብሳቢዋ ቨርና ፕራት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «ተለያዩ!» ትላለች። ያኔ የተስማማ ወደ መስኮቱ ግድግዳ፣ ያልተስማማ ወደ መድረኩ ግድግዳ ይሄዳል። ባልና ሚስት ሲለያዩ አይተናል። ከዚያ ምሳ ይቀርብና ሁሉም የጎረቤቱን ባቄላ ይበላል።

እኔ እዚያ አዳራሽ የብረት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ያረጀሁት። ኮሌት ዱሼን ያን ማክሰኞ ያደረገችውን የደፈረ ሰው ግን አላየሁም።

ነገሩ የተጀመረው በጊደር ነው።

ሪድ ሃስኪንስ በክሮስቢ ሐይቅ ዳር ከእናቱ ከጆይስ ጋር ይኖራል። እናቱ ለበጋ እንግዶች የምታከራያቸው ጎጆዎች አሏት፤ እሱ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። በዚያ ነሐሴ ግን፣ እኛ ዘንድ በጋው በሚሞቅበት ወር፣ ጎጆዎቹም ጀልባዎቹም ሥራ ፈትተው ነበር። ሐይቁ መርዛማ አልጌ ወሮት፣ ጎመን የተቀቀለበት ይመስል አረንጓዴ ሆኗል። ሽታው በመስኮት ይገባል። «መዋኘት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ዳርቻው ላይ ተተክሏል፤ እንግዶቹም ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ተመልሰዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሪድ ከሞተሩ ቀና ሲል፣ ጥቁርና ነጭ ጊደር እስከ ሆዷ ውሃው ውስጥ ቆማ በትዝብት ታየዋለች። ጆሮዋ ላይ ካለው ቢጫ ምልክት የዱሼኖች መሆኗን አውቆ ደወለ።

ኮሌት የእህል ባልዲ አንጠልጥላ፣ የመኪናዋን በር እንኳ ሳትዘጋ መጣች።

«ላምሽ እየዋኘች ነው» አላት።

«ላም አይደለችም፤ ጊደር ናት።»

«ታዲያ ጊደር ሰሌዳ አታነብም?»

«ጽሑፋችሁ ትንሽ ሆኖባት ይሆናል።» ቀልዱ ከአፏ ወጣ እንጂ ፊቷ አልሳቀም። ዓይኗ ከጊደሯ አፍ ላይ አልተነሳም። «ጠጥታለች?»

«እንጃ። ሳያት እንዲሁ ቆማ ነበር።»

«ከዚህ ውሃ ከጠጣች እኮ ትሞትብኛለች!» አለችና ከነጫማዋ ገባች።

ሪድም ተከትሏት ገባ። እሷ ከፊት በእህሉ እያባበለች፣ እሱ ከኋላ እየገፋ፣ ጊደሯ ደግሞ በጅራቷ ፊቱን እየጠፈጠፈችው ወጡ። ሦስቱም እስከ ደረታቸው አረንጓዴ ሆነው ነበር። ሪድ የጉድጓድ ውሃ ቱቦ አምጥቶ መጀመሪያ ጊደሯን፣ አፏን ሳይቀር፣ አጠበ። ቀጥሎ ቱቦውን ለኮሌት አቀበላት፤ ፊቱንም አዞረ።

የእንስሳት ሐኪሙ በስልክ «ጠብቂ፤ ሌላ የሚደረግ የለም» አላት። ስለዚህ ጠበቀች። ሪድ ወንበር አመጣላት፤ አልፈልግም ብላ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። እሱም ወንበሩን ትቶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።  ፀጉሯ ረጥቦ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ እጇ የጊደሯ አንገት ላይ ነው። ሪድ በየመሃሉ ሰረቅ አድርጎ ያያታል፤ ስታየው ሐይቁን የሚያይ ይመስላል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጊደሯ አንገቷን ዘርግታ ሣር ነጨች። ኮሌት ያኔ እንባዋ መጣ።

«የምሥራች እኮ ነው» አላት ሪድ ደንግጦ።

«አውቃለሁ፤ ዝም በለኝ።» ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ በአገጯ ሐይቁን አሳየችው። «እኛ ነን ይህን ያደረግነው ወይስ እናንተ?»

እናቱ በየቀኑ የምትለውን ያውቃል። «ከላይ ከዱሼን እርሻ የሚወርደው ፍግ ነው» ትላለች ጆይስ፣ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ብላ ሳትጨነቅ። ሪድም ያንኑ ያምናል። ግን ልጅቷን አያት።

«ዛሬ ስለሱ አናውራ» አለ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው ካላችሁኝ፣ አዎ፣ እዚህ ላይ ነው። ያን ቀን ያልተወራው በማግስቱም አልተወራ።

ከዚያ ወዲያ ጊደሯን ሁላችንም «ዋናተኛዋ» አልናት፤ ሪድና ኮሌትም ተለያይተው አልታዩም። በቆሎ ሲታጨድ የአባቷን ትራክተር ሲነዳ አየነው። ቅጠሉ ሲቀላ በጀልባ ሲንሸራሸሩ አየን። ወተት ከታለበ በኋላ ከብቶቹ ቤት በር ላይ ሲሳሳሙ ያየ ባይኖርም፣ አየሁ የሚል ግን አልጠፋም። ኮሌት ወደደችው፤ ነገሩን ማሳመር አያስፈልግም፤ ከልቧ ወደደችው። ስሙ ሲነሳ የያዘችውን ዕቃ ታስቀምጥ ነበር።

አባቷ አርማንድ ዱሼን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ንግግር የቀነሰ ሰው ነው። መሬቱን ከኩቤክ ድንበር ተሻግሮ የመጣው አያቱ ነው ያቀናው። ኮሌት ከልጅነቷ ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያን እርሻ። አርማንድም በእራት ላይ፣ ሪድ ባለበት፣ «ሣሩ ሲበቅል በስምሽ አዞረዋለሁ» ብሏት ነበር። አርማንድ ቃሉን አጥፎ አያውቅም። ይህን ልብ በሉልኝ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ጎረቤትህን የሚነካ ነገር ካለህ፣ አደባባይ ከማውጣትህ በፊት ወጥ ቤቱ ገብተህ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠህ፣ ዓይኑን እያየህ ትነግረዋለህ። ሊያባርርህ ይችላል፤ ግን ቀድሞ ሰምቷል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ነው።

ሪድ ይህን ሕግ ያውቃል። በረዶው በጀመረ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ፣ እንደማያውቅ ሆነ።

ቅዳሜ ሁሉም ሰው ቆሻሻውን ይዞ የሚሄደው ወደ ከተማው ቆሻሻ መጣያ ነው። ፊርማ መሰብሰብ የፈለገ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ አያገኝም። ሪድ ከጠርሙስ መጣያው አጠገብ ቆሞ ለስብሰባው የሚቀርብ ሐሳብ ያስፈርም ነበር። ሐሳቡ ወደ ሐይቁ በሚወርዱት ጅረቶች ዳርና ዳር ሰፊ መሬት ሳይታረስ፣ ፍግም ሳይፈስበት፣ ለሣር ይተው የሚል ነው። አርማንድና ኮሌት በአንድ መኪና መጡ።

አርማንድ ወረቀቱን ከሪድ እጅ ወስዶ አነበበ፤ መለሰለት።

«ወጥ ቤቴን ታውቀዋለህ አይደል?» አለው ቀስ ብሎ። «ከድስቴ በልተሃል።»

«አቶ ዱሼን፣ ዛሬ ማታ መጥቼ ልነግርዎት ነበር።»

«እኔ ቆሻሻዬን ልጥል ነው የመጣሁት» አለ አርማንድና ጆንያውን አንስቶ ሄደ።

ኮሌት አልተንቀሳቀሰችም። በረዶ ትከሻዋ ላይ ይወርዳል።

«ለኔስ?»

«ላንቺም ማታ ልነግርሽ…»

«ለከተማው ጠዋት፣ ለኔ ማታ?»

«ኮሌት፣ ፈርቼ ነው። ትጠይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«የጻፍከው ስህተት ነው አላልኩህም እኮ! ብትነግረኝ ምን ልልህ እንደምችል እንኳ አታውቅም። አልጠየቅከኝማ።» እጁ ላይ ያለውን ወረቀት በጣቷ መታች። «ያን ቀን ሣሩ ላይ ጠይቄህ ነበር። ዝም ያልከው አንተ ነህ።»

መኪናው ውስጥ ገባች። ከዚያ ቀን በኋላ ሲደውልላት አታነሳም፤ መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላምታዋ ለፖስተኛው ከምትሰጠው አይበልጥም።

ያን የበረዶ ወራት ከተማው ስለ ሌላ ነገር አላወራም። ሱቅ ገብተህ እንቁላል ብትጠይቅ ሐይቁ ይነሳል። «ሐይቁ መጽዳት የለበትም» የሚል አንድም ሰው አልሰማሁም። ሁሉም ይወደዋል፤ ሁሉም ልጅ ሆኖ የዋኘበት ነው። ግን ያቺ «ግን» አለች። ገበሬው «ግን በኔ መሬት አይሁን» ይላል። ባለጎጆው «ግን ከኔ ግብር አይውጣ» ይላል። የቀረነው ደግሞ «ግን ዘንድሮ አይሁን» እንላለን። ባጭሩ ሁላችንም ሐይቁ እንዲጸዳ ፈልገን ነበር፤ ጎረቤት እንዲያጸዳው።

ሪድ በመጨረሻ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የአርማንድን ወጥ ቤት አንኳኳ። አርማንድ አስገባው፤ ቡናም ቀዳለት። እኛ ዘንድ ጠላትም ቡና ይቀዳለታል። ኮሌት በሩ አጠገብ የሥራ ጫማዋን እያጠለቀች ነበር።

«አጥፍቻለሁ» አለ ሪድ። «መጀመሪያ እዚህ መምጣት ነበረብኝ። ሐሳቡን ግን አልተውም።»

«ተው አላልኩህም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። የናትህ ጎጆዎች ሽንት ቤት ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ጉድጓዱ ነዋ።»

«ጉድጓዱስ?»

ሪድ ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። ጉድጓዱ ከሐይቁ ጥቂት እርምጃ ላይ በአያቱ ዘመን የተቆፈረ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ከፍቶ አላየውም።

«አየህ» አለ አርማንድ። «የኔ ፍግ የሚወቀሰው ስለሚታይ ነው።»

ኮሌት ቀና ብላ ሪድን አየችው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ በቀጥታ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ወደ ላሞቿ ወጣች።

ሪድ ቤቱ ተመልሶ ቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ቀይ ቀለም በጎጆዎቹ ሽንት ቤት ሁሉ አፈሰሰ። የሐይቁን በረዶ በስተው ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ተከራይተዋቸው ስለነበር ውሃ ይፈሳል። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከጎጆዎቹ ፊት ለፊት በረዶውን በስቶ ባልዲ አወጣ። ውሃው ሮዝ ነበር።

እናቱን ጠርቶ አሳያት። ጆይስ ባልዲውን አየች፤ ዙሪያዋን አየች።

«ማን አይቷል?»

«እኔ።»

«እንግዲያስ ማንም አላየም። ድፋው።»

«እማ፣ ሰውየው ያለው እውነት ነው።»

«ጉድጓዱ ይቀየር ከተባለ ጎጆዎቹን እዘጋለሁ! አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ሪድ ባልዲውን አልደፋውም።

ኮሌትም በበኩሏ የምታየውን እያየች ነበር። አንድ ቀን በረዶው ላይ ዝናብ ዘነበ። እሷና አባቷ የታችኛው ማሳ ጫፍ ላይ ቆሙ። ውሃው አፈሩንም፣ መኸር ላይ የበተኑትን ፍግም ይዞ፣ ቡናማ ሆኖ ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ሽታውን ሁለቱም ያውቁታል።

«ፓፓ፣ ይኸው።»

«በየዓመቱ ይወርዳል። በአያቴም ጊዜ ይወርድ ነበር።»

«በአያትህ ጊዜ ሐይቁ ይጠጣ ነበር።»

አርማንድ ወደ ጅረቱ ዞረ። እሷን ሳያይ ነው የተናገረው። «ያን ማክሰኞ ከነሱ ጋር ከቆምሽ ላሞቹን እሸጣለሁ። ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ለአንድ የጀልባ ጠጋኝ ብለሽ…»

«ለሪድ ብዬ እንዳይመስልህ። ከሪድ ጋር አንነጋገርም።» በእጇ ቁልቁል ወደ ሐይቁ አመለከተች። «ያቺን ጊደር ከዚያ ውሃ ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ ፓፓ። እርሻውን የምፈልገው ልኮራበት ነው። ነሐሴ በመጣ ቁጥር ሐይቁን እያየሁ አንገቴን ልደፋበት አይደለም።»

ከዚያ ከብቶቹ ቤት ገብታ ዋናተኛዋን አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። ላሞቹን እያንዳንዳቸውን በስም ታውቃቸዋለች። አባቷ ቃሉን እንደማያጥፍ ደግሞ ከሁሉም በላይ እሷ ታውቃለች።

ማክሰኞ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ እርጥብ ካፖርትና የሞቀ ባቄላ ይሸታል። የእሳት አደጋ መኪናው ጉዳይ በጭብጨባ ጸደቀ። የሐይቁ ነገር ሲነበብ ጭብጨባ የለም፤ ወንበር ብቻ ተንቋቋ።

ጆይስ ተነስታ ስለ አረንጓዴው ውሃ ተናገረች፤ ባለጎጆዎቹ አጨበጨቡ። አርማንድ ተነሳ። «ሥራዬን የማውቀው እኔ ነኝ» ብሎ ተቀመጠ፤ ገበሬዎቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ስድቡ ተጀመረ። «ውሻ እንኳ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ሞቷል!» አለ አንዱ። «ወተቱን ስትጠጣ ከየት የሚመጣ መሰለህ?» አለው ሌላው። ቨርና በሰብሳቢነት መዶሻዋ ጠረጴዛውን መታች።

ያኔ ኮሌት ተነሳች። የሥራ ጫማዋን እንደተጫማች ነበር።

«ማሻሻያ አለኝ» አለች። «ዳርቻው ለሣር ይተው። ግን ሁለት ነገር ይጨመርበት። ገበሬው ለሚያጣው መሬት ከሁላችንም ግብር ይካስ፤ ከሐይቁ የምንጠቀመው ሁላችንም ነንና። ደግሞ በሐይቁ ዳር ያለ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሁሉ ይመርመር፤ የሚያፈስ ይቀየር።»

 ሁለቱንም ወገን የሚያስከፋ ሐሳብ ነው። በኛ ደንብ አንድ ሐሳብ ለክርክር የሚበቃው ሌላ ሰው ተነስቶ «እደግፋለሁ» ካለ ብቻ ነው፤ ካልሆነ እዚያው ይሞታል።

«ደጋፊ አለው?» አለች ቨርና።

ገበሬዎቹ አርማንድን አዩ። አርማንድ ጫማውን ያያል። ባለጎጆዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ግብሬን አስቤ ዝም አልኩ።

«ለሁለተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ደጋፊ አለው?»

ኮሌት ብቻዋን ቆማለች። ጆሮዋ ቀልቷል፤ ግን አልተቀመጠችም።

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ጆይስ የልጇን እጅጌ ጨምድዳ ይዛለች፤ ሪድ ግን ተነስቷል፤ እጅጌው ተለጥጧል።

«እደግፋለሁ» አለ። «የእናቴ ጉድጓድ ያፈሳል። ቀለም ጨምሬ በዓይኔ አይቻለሁ። የዱሼኖችን ፍግ እያሳየሁ ፊርማ ስሰበስብ የኛን አላየሁም ነበር።» ከዚያ የሚያየው ኮሌትን ብቻ ሆነ። «መጀመሪያ ላንቺ መንገር ነበረብኝ። ለሁሉም ነገር መጀመሪያ ላንቺ።»

ቨርና መነጽሯን አውርዳ ጠረገች። «የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር መዝገብ ውስጥ አይገባም» አለች፤ አዳራሹ ሳቀ።

ማሻሻያው በጩኸት ገባ። ጠቅላላው ሐሳብ ሲቀርብ ግን «እሺ»ውም «እምቢ»ውም ጣራውን አናጋ፤ ማን እንዳሸነፈ አልታወቀም። አንዱ «በምስጢር፣ በወረቀት ይሁን!» አለ። ለዚያ ሰባት እጅ መውጣት አለበት። እጅ ማውጣት ደግሞ ጎረቤቴን ፈራሁ ማለት ነውና ሦስት እጅ ወጣ፤ ከሦስቱም አንዱ ጭንቅላቱን ለማከክ ሆነ።

«ተለያዩ!» አለች ቨርና።

አርማንድ ወደ መድረኩ ግድግዳ ሄደ። አጠገቡ አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ትቶ ቆመ። ማንም ያን ቦታ አልነካውም። ጆይስም በንዴት ቀልታ ወደዚያው መጣች። ከነሐሴ ጀምሮ ሲወቃቀሱ የከረሙት ሁለቱ፣ ሁለቱም የሚያጡት ስላለ፣ በአንድ ግድግዳ ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። ሰው ሳቁን ዋጠ።

ኮሌት የቅርጫት ኳሱ ሜዳ መሃል ላይ ነበረች። አባቷን አየች። የተወላትን ቦታ አየች። እሱም አያት፤ ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ልመና ነው ያለው። ያ ነው ከሁሉ የከበደው።

«ፓፓ፣ ይቅር በለኝ» አለች ድምፅዋን ሳትደብቅ። ዞራ ወደ መስኮቱ ግድግዳ ሄደች። ሩቅ አይደለም፤ ግን ሁላችንም የጫማዋን ድምፅ ሰማን። ሪድ አጠገብ አልቆመችም። ሄዳ ጥግ ላይ፣ ብቻዋን ቆመች፣ ማንም ለማን ብላ እንደመጣች እንዳይሳሳት።

እኔም ከወንበሬ ተነስቼ ተከተልኳት። ግብሬ የራሱ ጉዳይ።

ቨርና ደጋግማ ቆጠረች። የመስኮቱ ግድግዳ በጥቂት ሰው አሸነፈ።

ምሳ ላይ አርማንድ አልተገኘም። ሪድ ሳህኑን ይዞ ኮሌት ፊት ቆመ፤ ልቀመጥ አላለም።

«ለናትህ ቀድመህ ነግረሃት ነበር?» አለችው።

«ትላንት፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ። ሳህን ወረወረችብኝ።»

«መታህ?»

«ሳተችኝ።»

ኮሌት ሳቀች። ያን ሳቅ ከቆሻሻ መጣያው ቀን ወዲህ የሰማው አልነበረም። በእግሯ ከፊቷ ያለውን ወንበር ገፋ አደረገችለት።

በዚያው ሳምንት የከብት መኪና ወደ ዱሼን እርሻ ወጣ። አርማንድ የሚታለቡትን ላሞች ሁሉ ሸጠ። ኮሌት እያንዳንዷን በስሟ እየጠራች በገመድ መርታ ራሷ አሳፈረቻቸው። አልለመነችውም። መኪናው ሲወርድ ከብቶቹ ቤት የነበረው ጸጥታ ለጆሮ ይከብድ ነበር። ቁጣው ነው ያሸጠው ወይስ የታመመው ጉልበቱ? እኛ ዛሬም አልተስማማንም።

ሣሩ ሲበቅል ደግሞ ኮሌትን ከተማ ወስዶ መሬቱን በስሟ አዞረ።

«ለምን?» አለችው በመልስ ጉዞ ላይ፤ መሪውን የያዘችው እሷ ነበረች።

«ላሞቹን እሸጣለሁ ብዬ ነበር፤ ሸጥኩ። እርሻውን እሰጥሻለሁ ብዬ ነበር፤ ሰጠሁ። የትኛውን ቃሌን ልጠፍ?» በመስኮት ወደ ውጭ አየ። «ጊደሮቹ የራስሽ ናቸው። እነሱን መሸጥ አልችልም።»

ጊደሮቹ ጥቂት ናቸው። ከነሱ ጀመረች። ሪድ የታችኛውን ማሳ ጅረት ዳር ለሣሩ ችካል ተከለላት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እናቱ አዲሱን ጉድጓድ ስታስቆፍር፣ እየተራገመችም ቢሆን፣ አካፋ ይዞ ያግዛት ነበር። ሐይቁ በዚያ ነሐሴም አረንጓዴ ነበር። በሚቀጥለውም። ሐይቅ እንደ ሰው ነው፤ ለዓመታት የዋጠውን በአንድ ቀን አይተፋም።

ዋናተኛዋ የመጀመሪያ ጥጃዋን የወለደች ዕለት፣ ላም የለኝም ብሎ በየቀኑ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል መንቃት ያልተወው አርማንድ፣ ጥጃውን በገለባ ሲያሽ ተገኘ። ቀን ላይ ወጥ ቤቱ ተንኳኳ። ሪድ ነበር፤ ባርኔጣው በእጁ።

«ኮሌት ከብቶቹ ቤት ናት» አለው አርማንድ።

«እርስዎ ጋር ነው የመጣሁት። ሌላ ሰው ሳይሰማ።»

አርማንድ ወንበር አሳየው፤ ቡና ቀዳ፤ ከፊቱ ተቀመጠ። ሪድ ቡናውን አልነካውም።

«ዛሬ ማታ ኮሌትን አግቢኝ ልላት ነው። ከተማው ከመስማቱ በፊት፣ እናቴም ከመስማቷ በፊት፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ልነግርዎ ፈልጌ ነው። ቢቆጡም እዚሁ ይቆጡኝ።»

አርማንድ ስኳሩን ረጅም ጊዜ አማሰለ። የሚስቱ ወንበር ባዶውን ነበር፤ እሱን አየ። ከዚያ አንድ ጊዜ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ፤ ልክ እንደ ቨርና መዶሻ።

«ሐሳብ ቀርቧል» አለ። «ደጋፊ አለው?»

ሪድ ግራ ገብቶት ቀና አለ። በሩ ክፍት ነበር። ኮሌት ገለባ ፀጉሯ ላይ ተሰክቶ፣ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ረጥቦ፣ ደፉ ላይ ቆማለች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላወቁም።

«እደግፋለሁ» አለች።